ሦስት ዓመት ያላጠረው ቀሚስ

ልብስ ሰፊው በሠፈሩ እናቶች ፊት የሚኩራራበት አንድ ነገር ነበረው፤ የልጁ የትምህርት ቤት ቀሚስ። አራተኛ ክፍል ስትገባ ሰፍቶላት፣ ታድግበታለች ብሎ ከታች አራት ጣት ያህል አጠፈው። ስድስተኛ ክፍል ደረሰች፤ እጥፋቱ እንዳለ ነው። የልጆቻቸውን ሱሪ ሊያስረዝሙ የሚመጡትን ሴቶች፣ "ምን እያበላችኋቸው ነው እናንተ? የእኔዋ ቆጣቢ ናት፤ በአንድ ቀሚስ ሦስት ዓመት!" ይላቸዋል።

ምላሷ ከመቀሱ የማይተናነስ አንዲት ደንበኛ፣ "ጋሼ፣ ቀሚሱ ነው የበረከተው ወይስ ልጅቷ ናት የቆመችው?" አለችው።

ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ እሱም ሳቀ። የመንደሩን ልጅ ሁሉ ሲለካ የሚውል ሰው የራሱን ልጅ የሚለካበት ሰበብ አልነበረውም። ደንበኛ አይደለችማ።

ልጅቷ ምግብ ሲቀርብ ሆዷን ትይዛለች፤ አንድ ሁለቴ ቀምሳ "ጠገብኩ" ትላለች። ክፍል ውስጥ እየደጋገመች ስለምታስፈቅድ መምህሩ፣ "ሆድሽ ሒሳብ ሲጀመር ነው የሚያምሽ?" ብሎ መውጣት ከለከላት። የክፍሉ ልጆች ደግሞ "ሯጯ" የሚል ስም አወጡላት። እናቷ የትል መድኃኒት አስዋጠቻት፤ ትል የለም። አሜባ ነው ተባለ፤ የአሜባውንም ዋጠች። አሜባው ሞቶ ከሆነም ልጅቷ አላወቀችም።

አንድ ቀን እናት ልብስ ስታጥብ በልጅቷ የውስጥ ሱሪ ላይ ደም አየች። የሳሙናውን አረፋ ሳታራግፍ ሮጣ ገብታ አቀፈቻት። "አደግሽልኝ! ለካስ ሆድ ቁርጠቱ ይኼ ኖሯል!" አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ልጅቷ ደሙ ከየት እንደሚመጣ ታውቃለች። ሰገራዋ ውስጥ ካየችው ቆይታለች። ግን እናቷ እንዲህ ደስ ብሏት የሚያውቅ ስላልመሰላት ዝም አለች። አባትየውም ወሬውን በሹክሹክታ ሰማና፣ እንዳልሰማ ሆኖ ከጥጥ ጨርቁ ለስላሳውን መርጦ ደራርቦ ሰፋላት። "ለልጅሽ ስጫት" ብሎ ፊቱን ወደ ስፌት መኪናው አዞረ። በዚያ ሳምንት ከደንበኞቹ ጋር ሲከራከር አልተሰማም።

ደሙ ግን የወር መሆኑ ቀርቶ የየቀን ሆነ። ልጅቷ ደረጃ መውጣት ሲያቅታት ሆስፒታል ወሰዷት።

ሐኪሟ ልጅቷን መዘነቻት፤ ግድግዳው ላይ ባለው ሜትር ቁመቷን ለካች፤ ደሟን አስመረመረች፤ አንጀቷን በካሜራ አየች። ከዚያ ወላጆቿን አስቀምጣ፣ "ልጃችሁ የወር አበባ ገና አላየችም። ደሙ የአንጀት ነው። አንጀቷ ቆስሏል፤ ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነት ይባላል። የምትበላው አልጠቅም ስላላት ማደግ አቁማለች። ቁመቷ ከቆመ ስንት ጊዜው ነው?" ብላ ጠየቀች።

ልብስ ሰፊው መልሱን ያውቀዋል። ለሠፈሩ ሁሉ ሲያወራው ኖሯል። ለሐኪሟ ግን "እንጃ" አላት።

"ይድናል ወይ፣ ዶክተር?" አለች እናት።

"ይተኛል። እንዳይነቃ መጠበቅ ነው። ይኼን መድኃኒት እኔ ነኝ ቀስ በቀስ የምቀንሰው፤ በራሳችሁ እንዳታቆሙት። ፊቷ ሊያብጥ ይችላል፤ ከመድኃኒቱ ነው፣ አትደንግጡ።"

ሰውየው አልደነገጠም፤ ችግሩም ይኸው ነው። ደሙ ቆመ፣ ልጅቷ መብላት ጀመረች፣ ጉንጮቿ ተነፉ። ቀሚሱ ወገቧ ላይ ሲጠባት እያፏጨ ጎንና ጎኑን አሰፋው። ወገቧን ለካ፤ ቁመቷን አልለካም።

ትምህርት ቤት "ሯጯ" ቀርቶ "ፊኛ" ተባለች። እያለቀሰች መጥታ፣ "አባዬ፣ ይቅርብኝ፤ አልውጠውም" አለችው።

"ተያትማ" አለ ወደ ሚስቱ ዞሮ። "መድኃኒት ለታመመ ነው። ይቺ ምኗ ታመመ?"

"ሰውዬ፣ ሐኪሟ አታቁሙ ብላለች።"

"ሐኪሟ በወር አንዴ ናት የምታያት። እኔ በሴንቲ ሜትር ነው የማውቃት!"

ሚስቱ ወደ ማጀት ገባች። መድኃኒቱን ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጠው። ልጅቷ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ሳመችው።

ብዙም አልቆየ። ጉንጯ ሳይጎድል የሆዷ ሕመም ተመለሰ። መጀመሪያ ደበቀችው፤ የተደሰተ ሰው ማስከፋት አትወድም። ክፍል ውስጥ ወድቃ ስትነሣ ከንፈሯ አመድ መስሎ ነበር። መምህሩ ለምን እንዳላስፈቀደች ጠየቃት። ሆስፒታል ስትደርስ አንጀቷ ተበስቷል፤ በቀጥታ ወደ ቀዶ ጥገና አስገቧት።

የሞተውን አንጀት ቆርጠው የቀረውን ጫፍ በሆዷ በኩል አወጡት። ሰገራው ሆዷ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል። ነርሷ አባትየውን ልታስተምረው ከረጢቱን ከነመለጠፊያው አመጣች፤ መቀስም ሰጠችው።

"የመለጠፊያው ቀዳዳ በአንጀቱ ጫፍ ልክ ነው የሚቆረጠው። ከሰፋ ይፈስና ቆዳዋን ይልጠዋል። እርስዎ ልብስ ሰፊ ነዎት አሉ፤ ለእርስዎማ ቀላል ነው።"

ለካ። ምልክት አደረገ። ቆረጠ። ነርሷ አንሥታ አየችው። "ይኼ ሰፍቷል" አለችና ሌላ አቀበለችው።

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች፣ "አባዬ፣ መልሰው ይዘጉታል አይደል?" አለች።

አባትየው ነርሷን አያት። ነርሷ ጓንቷን ትመለከታለች።

"ይዘጉታል" አለ።

"እሷ ናት ያለችው ወይስ አንተ?"

ጎንበስ ብሎ ሁለተኛውን ለካ፤ እሱንም አሰፋው።