የሚናገረውና የሚሰማው ቺፕ

አክስቴ እትዬ ወለተሐና የምትኖረው አንኮበር ላይ፣ ከሰፈሩ ቤቶች ሁሉ ዝቅ ብላ፣ ብቻዋን ነው። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ጉልበቷ ከድቷታል፤ ጉሙ ሲወርድ ደግሞ ደጃፏ ላይ ቆማ ብትጮህም የሚሰማት የለም። ባለፈው ክረምት “ወድቄ ብቀር ከሁላችሁም ቀድሞ የሚያውቀው ጅብ ነው” አለችኝ። እየሳቀች ነበር ያለችው፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ከሆዴ አልወጣም።

ስሜ ፍሥሐ ይባላል። ራዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነኝ፤ ትርፍ ጊዜዬንም ሽቦ ስበይድ ነው የማጠፋው። ሚስቴ በሽታ ትለዋለች። ለእትዬ ያሰብኩት ቀላል ነገር ነበር። አልጋዋ አጠገብ የምትጫነው አንድ ቁልፍ፣ እኔ ቤት ደግሞ አንድ የኤሌክትሪክ ደወል። እሷ ስትጫን ይጮኻል፤ እኔ እሮጣለሁ። በቃ።

በቃ ሳልል እድሩ ሰማ።

የእድራችን ጡሩንባ ነፊ ዘሥላሴ ጉልበቱን እያመመው ስለነበር የእድሩ ዳኛ አቶ ቴዎፍሎስ ሱቄ ድረስ መጡ። “ጡሩንባውን ዘመናዊ እናድርገው” አሉ። በሃያ አራቱም አባላት ቤት ደወል ይገባል፤ መጫኛ ቁልፉ እሳቸው ቤት ይሆናል። የእትዬ ቁልፍስ? “እሱም አብሮ ይታያል።” እንዲህ ያለ መልስ ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ።

ችግሩ እግር ነበር። ደወሎቹን የምታዘው አርዱዪኖ የምትባል፣ መዳፍ የማታክል የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ናት፤ ሽቦ የሚታሰርባት እግር ከደርዘን ብዙም አይበልጥም። ሃያ አራት ቤት ለማዳረስ እግር የሚያበዛ ቺፕ መጨመር ግድ ነው። ከአልዩ አምባ መጥቶ ሰፈራችን የሚኖረው ጨርቅ ነጋዴና የእድራችን አባል አብዱልሀፊዝ አዲስ አበባ ሲሄድ ሁለት ዓይነት አመጣልኝ።

አንደኛው ባለ አሥራ ስድስት እግር ነው። ስምንት ደወል ያዛል፤ ሦስቱን አከታትሎ ማሰር ሃያ አራት ቤት ያዳርሳል። የታዘዘውን ይናገራል እንጂ ከቤቶቹ የሚመጣ ነገር አይሰማም። ሁለተኛው ባለ ሃያ ስምንት እግር ነው። አሥራ ስድስት መስመር አለው፤ እያንዳንዱን ስትፈልግ ተናጋሪ፣ ስትፈልግ ሰሚ ታደርገዋለህ። ሁለት ብታስር ሠላሳ ሁለት መስመር ታገኛለህ። ሃያ አራቱ ለደወል ይሆናሉ፤ ስምንት ለቁልፍ ይተርፋሉ። በሰፈራችን ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌና አሮጊቶችን ብቆጥር ስምንት ሆኑ። የዋጋቸው ልዩነት የአንድ ለቅሶ ንፍሮ አያህልም። እኔማ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

አቶ ቴዎፍሎስ ግን “ጉዳዩ ቴክኒካዊ ስለሆነ” ብለው ኮሚቴ አቋቋሙ። ከአብዱልሀፊዝ በቀር ቺፕ በዓይኑ ያየ አባል አልነበረም። አንዱ ባለ ሃያ ስምንቱን መዳፉ ላይ ገለባበጠና “እግር የበዛበት ነገር አንድ ቦታ አይረጋም” አለ። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ለመሆኑ ይሄ ሰሚው” አሉ ዳኛው፣ “ማንን ነው የሚሰማው?”

“አባሉን” አልኩ።

“እድር ለአባሉ ይናገራል። አባል ለእድሩ የሚናገረው በጠቅላላ ጉባኤ፣ እጁን አውጥቶ፣ ዕድል ሲሰጠው ነው።”

“ሰው ቤቱ ውስጥ ቢወድቅስ?”

“ከሞተ እኛ አለን።”

“ወላሂ፣ ለመቅበር ብቻ ነው እንዴ የምንደርሰው?” አለ አብዱልሀፊዝ።

ዳኛው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። “ዛሬ ስምንት ሰው ብንሰማ ነገ ሃያ አራቱም እኛንም ስሙን ይላል። ያኔ ሥራ እንዴት ይሠራል?” ቃለ ጉባኤው ላይ ተናጋሪው ቺፕ “በሙሉ ድምፅ” ተመረጠ ተብሎ ተጻፈ። እጁን ያላወጣው አብዱልሀፊዝ ድምፅ እንደሌለው ተቆጠረ።

እኔስ ምን አልኩ? ምንም። አቶ ቴዎፍሎስ ሥራው ሲያልቅ የምስክር ወረቀት እንደሚሰጡኝ ሹክ ብለውኝ ነበር። ሰሚዎቹን ቺፖች ክብሪት ቀፎ ውስጥ ከተትኩና ተናጋሪዎቹን በየድኩ። ለእትዬም “ቁልፉ በሁለተኛው ዙር ነው” አልኳት።

“ሁለተኛው ዙር እኔ እያለሁ ነው?” አለችኝ።

ደወሉ ሠራ፤ ከሚገባው በላይ ሠራ። አንድ ጊዜ ከጮኸ ሞት ነው፤ ሁለት ጊዜ ስብሰባ፤ ሦስት ጊዜ ስብሰባው ተራዝሟል። የዳኛው ጣት ለመደ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሰው አልሞተም፤ ደወሉ ግን አርባ ጊዜ ጮኸ። ዘሥላሴም ከጡሩንባው ተነሥቶ ከስብሰባ ለቀሩ አባላት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አዳይ ሆነ። እትዬ “ልጄ፣ ጆሮዬን በላው፤ ቀንስልኝ” ብላ ላከችብኝ። መጥቼ እቀንሰዋለሁ አልኩ። አልሄድኩም።

እሑድ ጠዋት “የአዲሱን አገልግሎት ስኬት ለመገምገም” ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ደወሉ ሁለት ጊዜ ጮኸ፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ እንደገና ሁለት ጊዜ። ጥሪው ሃያ አራቱም ቤት መድረሱ ተነገረና ተጨበጨበ። እኔም የምስክር ወረቀቴን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። የእትዬ ቦታ ባዶ መሆኑን አይቻለሁ። ተቀይማኛለች ብዬ አለፍኩት።

ሰኞ ጠዋት ዘሥላሴ ደብዳቤውን ይዞ እያነከሰ ቁልቁል ወረደ። የሆነውን የነገረኝ እሱ ነው። በሩን ሲያንኳኳ ከውስጥ ቀጭን ድምፅ መለሰለት።

“ዘሥላሴ ነህ? ማን ሞተ?”

“ማንም አልሞተም እትዬ። እርስዎ ቀሩ ተብለው ነው።”

“አዎ፣ ቀረሁ። እዚሁ ነው የቀረሁት። በሩን ግፋው።”

ከደወሉ ሥር፣ ከተገለበጠ በርጩማ አጠገብ፣ ወለሉ ላይ ተኝታ አገኛት። እጇ ላይ ጨርቅ ነበር። ሦስት ጊዜ ሲጮኽ የደወሉን አፍ ልትወትፍ በርጩማው ላይ ወጥታ ነው የወደቀችው። እኔ ሲጨበጨብልኝ፣ የታፋ አጥንቷ ተሰብሮ እዚያ ነበረች። አንድ ቀንና አንድ ሌሊት።

ዘሥላሴ ሲነግራቸው ዳኛው ተሸካሚ ሰው ለመጥራት ወደ መጫኛ ቁልፋቸው ሮጡ። በሕይወት ላለ ሰው የሚሆን ጩኸት በቃለ ጉባኤው አልነበረምና አንድ ጊዜ ተጫኑ። ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ እያለቀሰ መጣ። እትዬ የእድሩ ቃሬዛ ላይ ሆና “ቆዩ እንጂ፣ ገና ነኝ” አለቻቸው። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ወሰድናት። የሚቀጥለው ቃለ ጉባኤ “የቀሩበት ምክንያት አሳማኝ ሆኖ በመገኘቱ” ማስጠንቀቂያው እንዲነሣላት ወሰነ።

ከሁለት ወር በኋላ ቤቷ ስትመለስ የክብሪት ቀፎዬን ይዤ ሄድኩ። የትኛው እንደሚሻል እያወቅሁ ለአንዲት ወረቀት ብዬ ዝም እንዳልኩ ነገርኳት። አፈርኩ፤ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። “አሁን ሰሚውን አስገባልሻለሁ” አልኳት።

ቀፎውን ከፍታ ቺፖቹን አየችና መልሳ ዘጋችው።

“ይሄንንም ያንንም አልፈልግ። ያን ጯሂ ንቀልልኝና ዘሥላሴን ላክልኝ። እሱ እንዴት አደሩ ብሎ መልሱን ቆሞ ይሰማል።”

ደወሉን ነቀልኩ። የዘሥላሴ ጉልበት በየቀኑ ስለማይችል ተራ ገብተናል፤ ሦስቱን ቀን እኔ እወርዳለሁ። እንዴት አደርሽ እላትና በሩ ላይ እቆማለሁ። መልሷ ረጅም ነው።