የጤነኛው ሰው ደም

ወልደ ኢየሱስ በጉበት ካንሰር ሲሞት ተማሪዋ ሰርክ ለቅሶ ልትደርስ እንጦጦ ወጣች። ዘመዷ አልነበረም፤ ለማስተርስ ጥናቷ ደም ከሰጧት ሕሙማን አንዱ ነበር። ሄፓታይተስ ሲ የሚሉት ቫይረስ ለዓመታት ጉበቱ ውስጥ ተደላድሎ ሲኖር ሰውዬው አላወቀም። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን መንደሩ «የወፍ በሽታ ነው» አለ፤ ሐኪም ቤት ሲደርስ ጊዜው አልፎ ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ የሟቹ ታላቅ ወንድም፣ አቶ ኃይለ መስቀል፣ አጠገቧ መጥተው ተቀመጡ። ከተራራው ጀርባ ገብስና ድንች የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው።

«ከወንድሜ ደም ውስጥ ምን ስትፈልጊ ነበር፣ ልጄ?»

ለቅሶ ቤት ነውና በአጭሩ ልታልፈው አሰበች። ዓይናቸው ግን አልለቀቃትም።

«ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባል ነገር ነው፣ አባባ። ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል። ሴሉ ውስጥ አንዱን ሥራ ቀንስ፣ ሌላውን ተው እያለ የሚቆጣጠር ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ እኔ የማጠናት አንዷን፣ ጉበት ውስጥ የምትበዛዋን ነው።»

«የሰናፍጭ ፍሬ ታክላለች?»

«ኧረ በአጉሊ መነጽርም አትታይ።»

«ካልታየች መኖሯን በምን አወቃችሁ?»

የላቦራቶሪው መሣሪያ እንዴት እያባዛ እንደሚለካት አስረዳቻቸው። ቀጥላም ወንድማቸውን የጎዳው ቫይረስ እሷን ካልተጠጋ እንደልቡ መራባት እንደማይችል ነገረቻቸው።

«የገዛ ጉበቱ የሠራት ናት ጠላቱን የምታስጠልለው?» አቶ ኃይለ መስቀል ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ እሷ ዞሩ። «ካንሰሩ ሲመጣስ?»

«ያኔ ብዙ ጊዜ ጉበቱ ውስጥ እያነሰች ትሄዳለች። ለምን እንደሆነ ገና አጥርተን አላወቅንም። ጉበት ሲጎዳ ደግሞ ወደ ደም ትፈስሳለች።»

«እንግዲያው የጤነኛ ሰውም ደም ያስፈልግሻላ፤ ከምን ጋር ልታስተያዪው?» ብለው እዚያው ክንዳቸውን ዘረጉላት። ሰርክ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ ሐዘኑ ሲያልፍ እንዲመጡ ነገረቻቸው።

መጡም። ተመረመሩ፤ ቫይረስ አልተገኘባቸውም። ደማቸው ከጤነኞቹ ጋር ተቀመጠ።

ውጤቱ ሲወጣ ግን ሰርክ ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጣ ቀረች። በአቶ ኃይለ መስቀል ደም ውስጥ የማይክሮ አር ኤን ኤዋ ቁጥር እንደ ሕሙማኑ ከፍ ብሏል። አማካሪዋ ዶክተር ሚልኬሳ መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየው።

«ሰሞኑን መብራት ሲጠፋ ከርሟል። ፍሪዘሩ ቀልጦ ይሆናል፤ ሰርዢውና እለፊ።»

«ደሙ ተበላሽቶ ቢሆን ቁጥሩ መውረድ ነበረበት፣ ዶክተር። ይኼ ወጣ እንጂ አልወረደም።»

ዶክተሩ ቁጥሩን ደግሞ አየው። «እውነትሽን ነው። እንግዲያው ደማቸውን እንደገና ቅጂ።»

ሰርክ የምትኖረው ካራ ነው። መንገዱ ለባቡሩ ሐዲድ ተቆፋፍሮ ስለነበር እስከ መገናኛ ታክሲው እየተንፏቀቀ አደረሳት፤ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ደግሞ ወደ አቶ ኃይለ መስቀል ቤት በእግሯ ሽቅብ ወጣች። የወደቀው የባሕር ዛፍ ቅጠል ያንሸራትታል። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምታስበው፦ ቫይረስ የሌለበትን ጉበት ማን ጎዳው?

አቶ ኃይለ መስቀል ደማቸውን ሰጡ። አረቄ እንደማይቀምሱ፣ ኪኒን ውጠው እንደማያውቁ ነገሯት። ሌላ የሚወስዱት ነገር እንዳለ ስትጠይቅ «ምንም» አሉ።

ባለቤታቸው እማማ የማርያምወርቅ ከጓዳ ብቅ አሉ። «ጠርሙሱንስ?»

«እሱ መድኃኒት ነው!»

«እሷስ ምን ጠየቀችህ?»

ወንድማቸው ከታመመ ጀምሮ፣ የወፍ በሽታ እንዳይዛቸው ብለው፣ በባዶ ሆድ የሚጠጡት መራራ የሥር ጭማቂ ነው። ሰው ጠቁሟቸው፣ ራሳቸው ቆፍረው፣ ራሳቸው ዘፍዝፈው።

«መጠኑስ?» አለች ሰርክ።

«መጠን? እስኪመረኝ ነዋ።»

ሰርክ ጠርሙሱን ከፍታ አሸተተችው። «ሥሩ ነው ብዬ አልምልም። ግን ጉበትዎን የሆነ ነገር እየጎዳው ነው። እስከ ፋሲካ ቢተዉትና ደግመን ብናየውስ?»

ፊታቸው ጠቆረ። «ወንድሜን የቀበርኩት በዚሁ በሽታ ነው። የሚጠብቀኝን ጣል ትዪኛለሽ?» ተነሥተው ወጡና እማሳው ዳር ቆሙ። እሷም ዕቃዋን መሸከፍ ጀመረች። ሲመለሱ ግን ቁጣው ከፊታቸው ጠፍቶ ነበር።

«ቁጥሩ ከወረደ ሥሩ ነው ማለት ነው። ካልወረደስ?»

«ሌላ እንፈልጋለን።»

«በይ፤ እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ» አሉ።

ሁለተኛው ደምም እንደ ፊተኛው ከፍ ያለ ሆነ። በሰርክ ጉትጎታ ሐኪም አያቸው፤ ሐኪሙም ጉበታቸው መቆጣቱን አረጋገጠ፤ በአልትራሳውንድ ግን እብጠት አልታየም። ከፋሲካ በኋላ የተቀዳው ደም ቁጥሩ ወርዶ ከጤነኞቹ ተርታ ገባ። ሰርክ ስልክ ስትደውልላቸው መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ራሳቸው አልነበረም፤ የወንድማቸው ሚስትና ልጆች መመርመር ይችሉ እንደሆነ ነበር። በማግስቱ ሁሉንም ይዘው ወረዱ፤ ከቫይረሱ ነጻ ሆነው ተገኙ።

አቶ ኃይለ መስቀል ግን ከጥናቱ የጤነኞች መዝገብ መውጣታቸውን ሲሰሙ ተቆጡ። «አሁንማ ድኛለሁ!» አሉ። ዶክተር ሚልኬሳ ሊያስረዳቸው ላቦራቶሪው ውስጥ ለአንድ አፍታ ብሎ አጠገባቸው ተቀመጠ፤ ምሳ ሰዓት አለፈ፣ እሱ ግን አልተነሣም። ሽማግሌው እንዲመረመር ያመጡትን ሥር በፌስታል ጠረጴዛው ላይ አኑረው ጥያቄያቸውን ያወርዱበታል።

«እሺ፣ ቫይረሱ እንደሚጠለልባት እያወቀ ጉበት ለምን ይሠራታል? አይተዋትም?»

«ለራሱ ታስፈልገዋለች። ስብን የሚያስተዳድረው በእሷ ጭምር ነው።»

«ካንሰሩ ሲጀምርስ፣ እሷ ስላነሰች ነው ካንሰሩ የመጣው፣ ወይስ ካንሰሩ ስለመጣ ነው ያነሰችው?»

ዶክተር ሚልኬሳ ወደ ሰርክ ዞረ። ሰርክ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እሱን ነው ቀጥዬ ላጠና የምፈልገው» አለች።