የእጅ ጀርባ

የወረቀት ፕላስተሩን በመኪናው ኮፈን ጠርዝ ላይ እየለጠፈች በአውራ ጣቷ ታስተኛዋለች። ጠርዝ ላይ ቀለም ይሳሳል፣ የፖሊሽ ማሽኑ መጀመሪያ የሚልጠው እሱን ነው ብሏታል የእህቷ ልጅ። ስለዚህ አንዱን ቁራጭ በሌላው ጫፍ ላይ እየደረበች፣ የፊት መብራቶቹን ዞራ ጨረሰች። የኮሌታ ጠርዝም እንዲሁ ነው። ከሸሚዝ ሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው።

«ጨረስሽ፣ አክስትዬ?»

«ጨረስኩ።»

«እጅሽ ይንቀጠቀጣል እንዴ?»

«ቢንቀጠቀጥስ? ማሽኑም ይንቀጠቀጣል ብለኸኛል። እንስማማለን።»

ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ላውንድሪ ውስጥ ስትተኩስ ኖራለች። ላውንድሪው ከተዘጋ አምስት ወሩ ነው። በእነዚህ ወራት የቤቷን መጋረጃ ሦስት ጊዜ ተኮሰች። ለአራተኛ ጊዜ ልትጀምር ስትል ካውያውን ነቀለችና ወደ እህቷ ልጅ ጋራዥ መጥታ «ሥራ ስጠኝ» አለችው። እሱ ጆሮውን አከከ። ያሳደገችው እሷ ናት፤ እምቢ ማለት አይችልም፣ እሺ ማለትም ፈራ። በመጨረሻ የራሱን ጥቁር መኪና ሰጣት፣ ያውም ኮፈኑን ብቻ። ሳይበላሽ ከወጣ ሰኞ ሥራ ትጀምራለች። ከተበላሸ ግን... ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና በፖሊሽ ሲያበራ ስለሚውል የራሱን ከገዛ ጀምሮ አልነካውም። መብራቱን ጠጋ ሲያደርገው ኮፈኑ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ከዳር እስከ ዳር ታየ።

በወዲያ በኩል አንድ የመኪና በር በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍግ የነበረው ቀቢ ቀና አለ።

«እትዬ፣ የዛሬው ሸሚዝ ሰፋ ያለ ነው።»

«ቢሰፋም ኮሌታ የለውም። ይቀለኛል።»

የእህቷ ልጅ የማሽኑ ስፖንጅ ላይ አራት ጠብታ ፖሊሽ አደረገ። «አየር ላይ እንዳታስነሺው። መጀመሪያ ቀለሙ ላይ ታሳርፊዋለሽ፣ ከዚያ ነው ቁልፉን የምትጫኚው።»

ልክ እንደገባው ሰው ራሷን ነቀነቀች። ማሽኑን አነሳች። ጣቷ ሳታዝዘው ቁልፉን ተጫነ፣ ነጩ ፖሊሽም መነጽሯ ላይ፣ የእህቷ ልጅ ሸሚዝ ላይና የግድግዳው ሰዓት ላይ ተረጨ።

ቀቢው ሳቁን በክርኑ ሸፈነ።

«ሸሚዙን አጥብልሃለሁ» አለች መነጽሯን እየወለወለች።

«ሰዓቱንስ?»

«ሰዓት ተኩሼ አላውቅም።»

በሁለተኛው ሙከራ ገመዱን ትከሻዋ ላይ ጣለች፣ ማሽኑን ኮፈኑ ላይ አሳረፈች፣ አስነሳችው። እንደ ተያዘ ዶሮ እጇ ውስጥ ተንፈራገጠ። በሙሉ ጉልበቷ ተጫነችው። ስፖንጁ መዞሩን ትቶ ማጉረምረም ብቻ ያዘ።

«አትጫኚው፣ የራሱ ክብደት ይበቃዋል።»

«ሃያ ስድስት ዓመት ተጫኚ ስባል ነው የኖርኩት።»

«አሁን ተይው። ደግሞ አንድ ቦታ ላይ እንዳትቆሚ።»

«ይሄንን እንኳ አትንገረኝ።»

ይህን ክንዷ ያውቀዋል። ከግራ ወደ ቀኝ ሄደች፣ ስትመለስ የፊተኛውን መንገድ ግማሹን እየሸፈነች፤ ቀጥሎ ከላይ ወደ ታች። ትንፋሿ ረጋ አለ። አንሶላ ነው፣ አለች በልቧ፣ ጥቁር አንሶላ። ጨርሳ ማሽኑን ስታጠፋ እሱ በፎጣ ጠረገው። ድሩ የለም። የጣሪያው መብራት ኮፈኑ ውስጥ እንደ ተሰመረ መስመር ቀጥ ብሎ ተኝቷል። የእህቷ ልጅ ጎንበስ ብሎ መስመሩን በዓይኑ ተከተለ፤ ቀቢውም መፈግፈጉን አቆመ።

በየዙሩ ማሽኑን አጥፍታ የእጇን ጀርባ ቀለሙ ላይ ታሳርፋለች።

«ለምን በመዳፍሽ አታይውም?»

«መዳፌ ብዙ ተቃጥሏል፣ ሙቀት አይሰማውም። ጀርባው አይዋሽም።»

በቀኙ መብራት በኩል ወዳለው ማዕዘን ደረሰች። ሁለት ዙር ሄደችበት፣ እጇን አሳረፈች፣ ቆየች። ወደ መሃል ወስዳ አሳረፈች፣ መለሰች።

«ምነው?»

«ይሄ ሞቋል።»

«ማሽን ነው፣ ያሞቃል። አንድ ዙር ነው የቀረሽ፣ ቀጥይ።»

«ሌላውም ይሞቅና ወዲያው ይበርዳል። ይሄ አልበርድ ብሏል። ከሥሩ ያለው ብረት አይመስለኝም።»

«አክስትዬ፣ ይሄ መኪና ተነክቶ አያውቅም። ሻጩ በእናቱ ምሎልኛል።»

«እናቱን አላውቃትም። የማውቀው እጄን ነው።»

«ግድ የለም፣ ቀጥይ።»

ሰኞ ትዝ አላት። ገና ሳትቀጠር አሠሪዋን አልሰማም ያለች ሠራተኛ ምን ትባላለች? ግን አንድ ጊዜ፣ በላውንድሪው፣ አለቃዋ ቀጥይ ስላላት የቀጠለችበት የሐር ቀሚስ ነበር። የቃጠሎው ሽታ እስካሁን አፍንጫዋ ውስጥ አለ። ማሽኑን ፎጣ ላይ አስተኛችው።

«አልቀጥልም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ቀቢው እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ መጣ። የኮፈኑን መሃል በጣቱ አንጓ መታ፦ ጣንግ፣ ጣንግ። ማዕዘኑን መታ፦ ዱፍ፣ ዱፍ። ደስ ስላለው ደገመው።

«ስቱኮ ነው። ያውም ወፍራም። ተጋጭቶ ተሞልቶ ተቀብቷል። መቼ ነው የገዛኸው?»

«ዝናብ እየዘነበ።»

«እርጥብ መኪና የማያምር የለም።»

የእህቷ ልጅ ቁጢጥ ብሎ ማዕዘኑን ከሥር አየው። ራሱም መታው። ቆይቶ፣ መጀመሪያ ትከሻው፣ ከዚያ ድምፁ ሳቀ።

«ሦስተኛውን ዙር ብትሄጂ ኖሮ ቀለሙ ይነሳ ነበር።»

«ቀጥይ ያልከው አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ» አለ። ሸሚዙ ላይ የደረቀውን ፖሊሽ በጥፍሩ ፈቀፈቀ። «ሰኞ በጠዋት ነይ።»

ማዕዘኑ እስኪበርድ ጠበቁት። እሱ የማሽኑን ፍጥነት ቀነሰላት፤ እሷም ሐር እንደምትተኩስ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እየዳበሰች አለፈችበት። ሲጠረግ፣ ከነስቱኮው፣ ከሌላው እኩል አበራ።

«እትዬ» አለ ቀቢው፣ አሁን ሳይቀልድ፣ «አንዲት ነጭ መኪና ልገዛ ነበር። መጥተው በእጅዎ ቢዳስሱልኝ?»

«ሻጩ በማን ማለ?»

«በአባቱ።»

«እንግዲያው ሳላያት እንዳትገዛ።»

ፕላስተሩን ልጣ አነሳች። ስፖንጁን ውኃው እስኪጠራ አጥባ አሰጣችው። ከዚያ ወንበር ስባ ወጣችና ሰዓቱን ከግድግዳው አውርዳ መስተዋቱን ጠረገች፤ በቁጥሮቹ ላይ የቀረች ነጠብጣብ ካለች ብላ በመብራት አየችው። መልሳ ሰቀለችው፣ መቃናቱን አረጋገጠች። ፎጣውን ጫፍ ከጫፍ ገጥማ አራት ቦታ አጠፈችው፣ እጥፋቱን በእጇ ጀርባ ተጭና መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።