ኮርቻው የነበረበት ጥግ

እኛ ቤት ካርቶን አይጣልም። ወንድሜ ጋዲሳ አይፈቅድም። ነገ ዕቃው ሰልችቶት ሊሸጠው ቢፈልግ ከነካርቶኑ የተሻለ ዋጋ ያወጣል፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። ስለዚህ ከቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጀርባ ባለችው ቤታችን ውስጥ የእማዬ መኝታ ክፍል ጥግ እስከ ጣሪያ ድረስ ካርቶን ነው። የጊታሩ ካርቶን አለ፤ ጊታሩ ራሱ ሦስት ክር ቀርቶት ምስማር ላይ ተሰቅሏል። የዓሣ ገንዳው ካርቶን አለ፤ ዓሦቹ በሳምንታቸው አለቁ፣ ካርቶናቸውን ግን አትንኩብኝ ይላል። ቪዲዮ ሊሠራበት የገዛው የካሜራ ማቆሚያ ላይ እማዬ ነጠላዋን ታሰጣለች። ጡንቻ ሊያወጣበት ባመጣው ብረት ደግሞ በሩን ታስደግፍበታለች።

ሰው አንድ ነገር ሲወድ ይገባኛል። እኔም ሰው ነኝ፤ እኔም የሱቅ መስታወት ፊት ቆሜ አውቃለሁ። ጋዲሳ ግን የሚወደው መጀመሩን ነው። አዲስ ነገር በጀመረ ሰሞን ቤቱን ያምሰዋል። እራት ላይ የሚወራው ስለ ጊታር ነው፤ ቀጥሎ እራት ላይ የሚወራው ስለ ዓሣ ምግብ ነው። "አሁን ገና ራሴን አገኘሁት" ይላል። ወር ሳይሞላ ራሱን መልሶ ይጥለዋል፣ እኛ ከካርቶኑ ጋር እንቀራለን።

የሚሠራው ቦሌ መድኃኔዓለም፣ ከሕንፃዎቹ በአንዱ ምድር ቤት፣ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ነው። ለሱ ዓይነት ሰው ከዚያ የባሰ ቦታ የለም። ጠዋት ሲገባ በሱቅ መስታወት መሃል ያልፋል፣ ማታ ሲወጣም እንዲሁ። አንድ ቅዳሜ ጫማ እናይልሻለን ብሎ ወሰደኝና ጫማ ቤቱ ሳንደርስ አንዱ መስታወት ፊት ተገተረ። ጥቁር ብስክሌት ነው። "ታላቅ ቅናሽ! ዛሬ ብቻ!" የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ወረቀቱ ፀሐይ መትቶት ቢጫ ሆኗል።

"ፌናን፣ እይው እስኪ" አለኝ። "ፍሬሙን እይው!"

"አንተ ወረቀቱን እየው። ይሄ 'ዛሬ ብቻ' ስንት ወሩ ነው?"

"አዲሱን የብስክሌት መንገድ አላየሽም? ግሩፕ አለ፣ እሁድ እሁድ አብረው ይነዳሉ። ላይፌን ቼንጅ ነው የሚያደርገው ባክሽ።"

ጫማዬን ሳልገዛ ተመለስኩ። ብዙም ሳይቆይ ብስክሌቱ ቤታችን ገባ፣ ካርቶኑም ተከትሎት ገባ። ከየት አምጥተህ ገዛኸው ስለው "አንድ የማይረባ ነገር ሸጬ" አለኝ። የዓሣ ገንዳውን መስሎኝ እሰይ አልኩ።

ስለ ኮርቻው ልንገራችሁ። አባታችን ሆርዶፋ ገበሬ ነበሩ፣ ከገበሬም ፈረሰኛ። ከተማው ሲሰፋ መንደራችን ፈረሰ፣ ሰው በየኮንዶሚኒየሙና በየምትክ ቦታው ተበተነ፣ ፈረሶቹም ተሸጡ። የአባዬ ኮርቻ ግን ቀረ። የሌሎቹን አንዱን ብል በላው፣ አንዱን ባለቤቱ ሸጠው፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ከመንደሩ ኮርቻ የተረፈው እሱ ብቻ ሆነ። በእኛ መንደር ሰዎች ዘንድ ደግሞ ፈረሰኛ ሲሞት፣ ፈረስ ኮርቻ ተጭኖ፣ ሰው ሳይቀመጥበት፣ ከሬሳው ኋላ ይሳባል። ሟቹም በፈረስ ስሙ እየተጠራ ይለቀስለታል። ፈረሱን እንዋሳለን። ኮርቻው ሁልጊዜ የአባዬ ነው። የተበተነው መንደር የሚገናኘው ቀብር ላይ ነው፣ ሲገናኝ ያንን ኮርቻ ያያል። ጋዲሳ አያውቅም ነበር እንዳትሉኝ። በየቀብሩ ከእኔ ጎን ቆሞ አይቶታል።

ባለፈው እሁድ ጠዋት ኦቦ ብርሃነ አረፉ። የአባዬ የልብ ጓደኛ ናቸው። ታመው በተኙበት አባዬ እጃቸውን ይዘው "እኔ በሕይወት እያለሁ ያለ ፈረስ አትሸኝም፣ አይዞህ" ሲሏቸው እኔው ራሴ ሰምቻለሁ። ልጃቸው አክሊሉ ዓይኑ በልቅሶ ቀልቶ ኮርቻውን ሊወስድ መጣ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

አባዬ የእማዬ ክፍል ገብተው ካርቶን ማንሳት ጀመሩ። አገዝኳቸው። የጊታሩን አነሳን፣ የዓሣ ገንዳውን አነሳን፣ የብስክሌቱን ግዙፍ ካርቶን እየጎተትን አወጣን። ከሁሉም ኋላ፣ ኮርቻው በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚቀመጥበት ጥግ ላይ፣ ላስቲኩ ብቻ ነበር። በጥንቃቄ ታጥፎ።

አባዬ ላስቲኩን አንስተው እማዬን አዩ።

"እኔ አላየሁም" አለች እማዬ። "ካርቶኑ ጥጉን ሞልቶት... ያለ መስሎኝ..."

"ለአክሊሉ ይደርሳል በይው" አሉኝ አባዬ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። ወጥቼ ይደርሳል አልኩት፣ አመነኝ፣ ሄደ።

ጋዲሳ የገባው ያኔ ነው። ከእሁድ ጉዞው መመለሱ ነው፤ ገላው ላይ የተጣበቀ ቁምጣ ለብሶ፣ ሄልሜት ደፍቶ፣ ፊቱ በላብ እያብረቀረቀ። ሰላም ሊለን አፉን ሲከፍት ላስቲኩን በአባዬ እጅ አየው።

"ኮርቻው የት አለ?" አልኩት።

ሄልሜቱን ሊያወልቅ ሞከረ። ማሰሪያው እምቢ አለው።

"ጋዲሳ! ኮርቻው የት አለ?"

"ቴሌግራም ላይ ፎቶውን ለጥፌው... ሩዋንዳ ሰፈር አንድ ምግብ ቤት አለ፣ ለዲኮር ፈለጉት። ፌና፣ ፈረስ እኮ የለንም። ማንም አይቀመጥበትም። ዝም ብሎ አቧራ ነበር የሚጠጣው።"

"አቧራ የሚጠጣው ያንተ ኮተት ነው!" አልኩና እጄ ላይ የነበረውን የጊታር ካርቶን ወረወርኩበት። ባዶ ካርቶን ሰውን አይጎዳም። ደረቱን ነክቶት ወደቀ፣ እኔም ይበልጥ ተናደድኩ። እማዬ ማልቀስ ጀመረች። እሱ አሁንም የሄልሜቱን ማሰሪያ ይጎትታል።

አባዬ አልጮሁም። "ሂዱና አምጡት" አሉ፣ በቃ።

ኮንትራት ታክሲ ያዝን። ብስክሌቱንም ጣሪያው ላይ አሳሰርኩት።

"እሱ ደግሞ ለምን?" አለኝ ጋዲሳ።

"በባዶ እጃችን ልንሄድ ነው?"

መንገዱን ሙሉ አላናገርኩትም። ገርጂ ላይ መኪና ተጨናንቆ ቆምን። ጋዲሳ አንገቱን ጠምዝዞ አንድ ሱቅ መስታወት ውስጥ የተተከለ የካምፒንግ ድንኳን ያያል። በዚያች ሰዓት! ሬሳ እየጠበቀን! ክንዱን እስኪቀላ ቆነጠጥኩት። "ምን አደረኩ?" አለኝ። ያደረገውን በእውነት አላወቀውም፤ ዓይኑ ለራሱ ሳይነግረው ነው የሚሄደው።

ኮርቻውን ምግብ ቤቱ በር ላይ አገኘነው። የብረት እግር ተሠርቶለት በብሎን ተመቷል። ቆዳው ቫርኒሽ ተቀብቶ ይብለጨለጫል። በፈረሱ ሆድ ዙሪያ የሚታሰርበት ጠፍር፣ አላምር ብሏቸው ይሆናል፣ ከሥሩ ተቆርጧል። አንዲት መነጽር ያደረገች ልጅ ላዩ ላይ ተፈናጥጣ ጓደኛዋ ቪዲዮ ትቀርጻታለች።

"ውረጂ" አልኳት።

"ሶሪ፣ ተራ ጠብቂ" አለችኝ።

"ውረጂ እኮ ነው የምልሽ! የሰው ለቅሶ ላይ ነው የተቀመጥሽው!"

ወረደች። ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጣ፤ ደረቱ ላይ አብዱልሰላም የሚል ስም ተለጥፏል። "እህቴ፣ ቀስ ብለን እንነጋገር፣ እንግዳ አለ" አለኝ። ልጣላው ተዘጋጅቼ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ የሚመልስልኝ ሰው አጥቼ ጉሮሮዬ ድረስ ሞልቶብኛል። ስለ ኦቦ ብርሃነ፣ ስለ ፈረሱ፣ ስለ አባዬ ቃል፣ ስለዚህ ቁምጣ ለባሽ ወንድሜ፣ ሁሉንም እዚያው በር ላይ ጮኼ አወራሁት። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

"ሬሳው አልወጣም?" አለኝ ከዚያ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው።"

"ለሟች ነው ካልሽ እኔ ምን እላለሁ" አለና ራሱ መፍቻ አምጥቶ፣ በነጭ ሸሚዙ መሬት ላይ ተንበርክኮ ብሎኖቹን ይፈታ ጀመር። "ብቻ ባለቤቱ መጥቶ ቦታውን ባዶ ካየው የምጠየቀው እኔ ነኝ። የሆነ ነገር ተዉልኝ።"

እኔ ጋዲሳን አየሁት። ጋዲሳ ብስክሌቱን አየ። እጀታውን ይዞ ትንሽ ቆየና ራሱ ገፍቶ ኮርቻው የነበረበት ቦታ አቆመው። ስንወጣ ባለ መነጽሯ ልጅ ብስክሌቱ ላይ ወጥታ ነበር።

ስንደርስ ሬሳው ከኦቦ ብርሃነ ግቢ እየወጣ ነው። ፈረሱ ልጓም ገብቶለት ቆሟል። አባዬ ኮርቻውን ተቀብለው ገለበጡት። ብሎን የበሳውን እንጨት በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ፤ ጠፍሩን ፈለጉ፣ የለም። ገመድ ተቀብለው በፈረሱ ጀርባ ሊያስሩት ሞከሩ። ከሥሩ ተሰብሮ የቀረው የብሎን ብረት ወጋው መሰለኝ፣ ፈረሱ በኋላ እግሩ ቆመና ሰው ተበተነ። ደግመው ሞከሩ። እምቢ አለ።

"ሆርዶፋ፣ ተወው ይቅር" አሉ አንድ ሽማግሌ። "ሰዓቱ ሄደ።"

"አይቀርም" አሉ አባዬ። ወደ ጋዲሳ ዞረው በኦሮምኛ "ኮቱ" አሉት፤ ና ማለታቸው ነው። መጣ። ያንኑ ቁምጣውን እንደለበሰ ነው፣ አክሊሉ ጋቢ ደርቦለታል። "ጎንበስ በል።"

ጎንበስ አለ። ኮርቻውን ጀርባው ላይ ጫኑት፣ ገመዱን በደረቱ አዙረው፣ ለፈረስ እንደሚደረገው ጠበቅ አድርገው አሰሩት። ልቅሶው ራሱ ቆመ። ከጠዋት ጀምሮ ይዋረድልኝ ስል ነው የዋልኩት፤ ሲዋረድ ማየት ግን አልቻልኩም። አሁን ደግሞ በአባዬ ተናደድኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! ብረቱ እሱንም እየወጋው እንደሆነ አውቃለሁ።

"ቀስ ብለህ ሂድ" አሉት አባዬ። "ፈረስ ከሬሳ ኋላ አይቸኩልም።"

ሄደ። የኦቦ ብርሃነ ባለቤት አዴ ሶሬቲ ዞረው ኮርቻውን አዩ። ከሥሩ ያለውን ልጅ አዩ። ይራገሙት ይሆን ብዬ ፈራሁ። ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነው "አባ ቦራ! አባ ቦራዬ!" ብለው የባላቸውን የፈረስ ስም ጠሩ። መንደሩ በሙሉ ተቀበላቸው። ጋዲሳ እስከ መቃብሩ አፋፍ ቀና አላለም፣ አሳርፉኝም አላለም። የጀመረውን ሲጨርስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከቀብር ተመልሰን ደጃፋችን ተቀመጥን። ስልክ ቁጥሬን ትቼለት ነበር፣ አብዱልሰላም ደወለ። ባለቤቱ መጥቷል፣ እንግዶቹ ብስክሌቱን ወደውታል፣ ከተስማማችሁ ይለወጥ ብሏል አለኝ። እንዲያውም ይባረክ አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል ጋዲሳ የራሱን ስልክ እያየ ነው። ጀርባው ተልጧል፣ እማዬ ቅባት ቀብታዋለች፣ እሱ በአውራ ጣቱ ስልኩን ወደ ላይ ይገፋል።

"ምንድን ነው የምታየው?"

"የቆዳ መስፊያ" አለኝ። "ሙሉ ዕቃው ነው፤ ወስፌው፣ መዶሻው፣ ከነሳጥኑ። ፌና፣ ኮርቻውን እኔ ራሴ እጠግነዋለሁ። ቪዲዮ አየሁ፣ ቀላል ነው። ደግሞ ቅናሽ አለው፣ ዛሬ..."

ደሜ ፈላ። እኔ ቀኑን ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ የቆዳ ጓንት ስሰፋ ነው የምውለው። ዓመታት አልፈዋል፣ ይህ ልጅ ቆዳ እንዴት ይሰፋል ብሎ አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። ስልኩን ቀማሁት። ልወረውረው እጄን አነሳሁ።

"ተይው" አሉ አባዬ።

"አባዬ፣ ሌላ ካርቶን ሊያመጣብን እኮ ነው!"

"ሰማሁ።" ኮርቻው እግራቸው ሥር ነው፤ ቫርኒሹን በጥፍራቸው ይፍቃሉ። "ከመንደራችን ፈረሰኛ አሁን ማን ቀረ?"

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን።

"እኔ ነኝ" አሉ። "ይጀምር። ይሄኛውን ግን ይጨርሰው በይው። ብዙ አልጠብቀውም።"

ጋዲሳ እዚያው አጠገባቸው ነው፣ ራሳቸው ሊነግሩት ይችሉ ነበር። ፊቱን አየሁት። አፉ ተከፍቶ ቀርቷል፤ ኮርቻው ለማን እንደሚጫን ገና አሁን የገባው ይመስላል።

ስልኩን ኪሴ ከተትኩት። የእማዬ ክፍል ገብቼ፣ ካርቶኖቹን በእግሬ እየገፋሁ፣ ከስፌት ዕቃዋ ወስፌዋን አወጣሁ። ተመልሼ ፊቱ ጣልኩለት።

"ወስፌ አትግዛ" አልኩት። "አለ። ቁጭ በል፣ አሳይሃለሁ።"