የማይቆረጠው ኦርኪድ

እፀገነት ከትምህርት ቤት ላይብረሪ ጡረታ ከወጣች ወዲህ የመቱ ሰው «ጉቶ ለቃሚዋ» ይላታል። እውነትም ትለቅማለች። ነፋስ የጣለው ቅርንጫፍ ይሁን የቡና ጥላ ሲመለመል የወደቀ፣ ኦርኪድ ከበቀለበት ተሸክማው ትመጣለች። ግቢዋ ያለው አቮካዶ በሽቦ የታሰረ ግንዲላ በግንዲላ ሆኗል።

በዚያ ጥቅምት፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ቅጠል ብቻ ስታሳያት የኖረች አንዲት ኦርኪድ ድንገት አሥራ አንድ ነጫጭ አበባ አወጣች። እያንዳንዱ ኮከብ ይመስላል፤ ከኋላው እንደ ክር የቀጠነ ጅራት አለው። እፀገነት ደስታዋን የምትነግረው ሰው ብታጣ ዶሮዎቿን ጠርታ አሳየቻቸው።

ቅዳሜ ጠዋት የጎረቤቷ የሁሪያ ልጅ ሲሃም፣ እጇ በሂና አጊጦ፣ ግማሽ ጸጉሯ ተሠርቶ ግማሹ እንደተበተነ እየሮጠች መጣች። ዕለቱ ሠርጓ ነው።

«እትዬ፣ ጉድ ሆንኩልዎ! ከአዲስ አበባ ያዘዝነው አበባ በደሌ ላይ መኪናው ተበላሽቶ ቀረ። ከዚህ ሁለት ሦስት ዘለላ ይቁረጡልኝ!»

«አይቆረጥም!» አለች እፀገነት። ቃሉ አምልጧት ነው የወጣው።

የሲሃም ዓይን እንባ አቀረረ። እፀገነት ይቺን ልጅ አዝላ ነው ያሳደገቻት፤ ፊደል ያስቆጠረቻትም እሷ ናት።

«ስሚ» አለች። «እሱን ከምቆርጠው አንቺው ነይ። ሠርገኛው ሳይደርስ ፎቶሽን እዚሁ ተነሺ።»

ስምንት ሰዓት ላይ ሙሽራይቱና ሚዜዎቿ ግቢውን ሞሉት። ፎቶ አንሺው ጸጋአብ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ «ቀሚሱን ከዶሮዋ አድኑት!» እያለ ይጮኻል። አንዷ ሚዜ አበባውን አሽትታ አፍንጫዋን ሸበሸበች።

«እትዬ፣ ምንም አይሸትም እኮ!»

«ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው የሚሸተው» ስትላት ሁሉም ሳቁባት።

አንድ ፎቶ ሌላውን እየጠራ ሰዓቱ ነጎደ። ከጎሬ የመጡት ሠርገኞች አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሁሪያ ቤት ሲደርሱ ሙሽራ የለችም። የሁሪያ ጩኸት ሰፈሩን አናጋው። ወዲያው የሙሽራው አጎት ጋሼ አሊ፣ ቡና ገበሬው፣ ከዘራቸውን ይዘው የእፀገነትን በር በረገዱት።

«ኩን ማሊ? ምንድን ነው ይሄ? እኛ ከጎሬ ድረስ ስንመጣ ሙሽራይቱ ዛፍ ሥር ትቆማለች?»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች እፀገነት። የሰው ሠርግ አበላሸሁ ስትል አሰበች።

ጋሼ አሊ ሊቀጥሉ አፋቸውን ከፈቱና ቆም አሉ። ፀሐይዋ ከጣሪያው ጀርባ ገብታለች። አፍንጫቸውን ወደ ላይ አቀኑ።

«ባዬ ኡርጋአ!» አሉ። «ምንድን ነው እንዲህ የሚያውደው?»

እፀገነት ጠቆመቻቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ተጠጉ።

«ይሄ? ይሄንን እኮ እኔ በየዓመቱ ከቡናዬ ጥላ ላይ አስፍቄ ነው የምጥለው!»

«እኔ ደግሞ ከመንገድ አንሥቼ ነው ያመጣሁት። የርስዎ ይሆናላ!»

ጋሼ አሊ ከዘራቸው እስኪወድቅ ሳቁ። «አንተ ሙሽራ! ና፣ አንተም ቁም እዚህ!» ብለው ተጣሩ። ሠርገኛው ሁሉ ግቢው ውስጥ ተግተልትሎ ገባ፤ ዘፈኑም እዚያው ተጀመረ። ሚዜዎቹ ተራ እየገቡ አበባውን አሸተቱ፤ ያቺ አሽሟጣጯ ሁለት ጊዜ ተሰለፈች።

ማክሰኞ የጎሬ ሚኒባስ ሹፌር ደወለላት። ሦስት ጆንያ ኦርኪድ ከነቅርንጫፉ ጭኖላት መጥቷል! ወዲያው ሲሃም ደወለች፤ «ጋሼ አሊ ከምልመላው ላይ በገዛ እጃቸው ለቅመው ነው የላኩልዎ፤ ገና አለ ብለዋል።»

«አቮካዶው አይችልም ልጄ!» አለች እፀገነት እየሳቀች። ከዚያ ሽቦዋን ይዛ ወደ ሁሪያ ማንጎ ተሻገረች። ሁሪያ፣ ግንድ ላይ ግንድ መስቀል እብደት ነው ብላ ትንሽ ተከራከረች። ሰባተኛው ግንዲላ ሲታሰር ግን መሰላሉን ደግፋ፣ «እሱን ወደ መስኮቴ በኩል አርጊው» ትል ነበር።