የመዳመጫ ቤቱ ተኪ

1

«አስሙ በደምዎ ነው ያለው፣ ጋሼ እሸቴ» አለችው የፋብሪካው ሐኪም።

እሸቴ ክንዱን አየ። ደም በተቀዳበት ቦታ ላይ ነጭ ነገር ተለጥፏል።

ጥጥ።

2

ሐኪሟ ያስረዳችው፣ እሱ እንደገባው፦

በሰው ሁሉ ውስጥ ባዕድ ነገር ሲገባ ሰውነትን «ተቆጣ፣ እበጥ» የሚሉ ዘረመሎች አሉ። ከሰው ሰው ትንሽ ትንሽ ይለያያሉ። የእሸቴ ከቁጡዎቹ ወገን ናቸው። ብናኝ ሲገባ ሳንባው ያብጣል፤ የአየሩ መንገድ ይጠባል።

«እንዲህ ያለ ዘረመል ያለው ሁሉ አስም ይይዘዋል ማለት አይደለም» አለች። «ዕድሉን ከፍ ያደርጋል እንጂ። የሚቀሰቅስ ነገር ያስፈልጋል።»

አንባቢ ሆይ፣ ይህችን የመጨረሻ ቃል ያዝልኝ። ፎቅ ስንወጣ የሚሰማት አናገኝም።

3

ሐኪም፦ በቤተሰብ አስም የነበረበት አለ?

እሸቴ፦ እናቴ፣ ደብሪቱ። እስክትሞት እንደ ወናፍ ነበር የምትተነፍሰው።

ሐኪም፦ አባትዎስ?

እሸቴ፦ ገበሬ ነበር። ጤነኛ።

ሐኪም፦ ይበቃል።

4

ያልተጠየቀው፦

ደብሪቱ በዚሁ ፋብሪካ፣ በዚሁ ጥጥ መዳመጫ ቤት ትሠራ ነበር። ፍሬው ከጥጡ ሲለይ ብናኙ እንደ ጉም ይነሳል። ነጠላዋን አፏ ላይ ጠምጥማ ትውላለች። ከሥራ ስትመለስ እሸቴ እናቱ በአንድ ቀን የሸበተች ይመስለው ነበር።

ትንፋሿ ሲያጥር አሰናበቷት። በምትኳ እሱን ቀጠሩት። የፋብሪካው ልማድ ነው፤ በሕመም የወጣ ልጁን ይተካል። ሰፈሩም «ተኪ አያሳጣህ» እያለ ይመራረቃል።

5

ደረቱ ሲያፏጭ የሰሙ ጓደኞቹ «ዋሽንቱ» አሉት።

«ዋሽንቱ፣ ዛሬ ትዝታ ነው ባቲ?»

«ለእናንተማ ሙሾ ነው!»

ይስቃል። ሳቁን ሳል ይጨርስለታል።

6

ፎቅ። የአስተዳደር ኃላፊው የአቶ ምንተስኖት ቢሮ። መስኮቱ ዝግ ነው፤ ብናኝ እንዳይገባ።

«ሐኪሟ የዘር ነው ብላለች። ከዘር የመጣ ደግሞ የሥራ ላይ ጉዳት አይባልም። የካሳ ነገር አይነሳም።»

«የሚቀሰቅሰውስ ነገር፣ ጌታዬ?»

«ምን?»

«ዶክተሯ… የሚቀሰቅስ ነገር ያስፈልጋል ብላ ነበር።»

«እሱን ፈጣሪህን ጠይቅ። እኛ ግን ቤተሰብ ነን፤ አንጥልህም። ሴት ልጅ አለችህ አይደል? ነገ ይዘሃት ና።»

7

ልጁ ትብለጥ ጋ ወሬው ቀድሞት ደርሷል። ትምህርት ከጨረሰች ጀምሮ ያላንኳኳችው በር የለም።

«አባዬ፣ እውነት ነው? ልቀጠር ነው?»

አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እሱ ጆሮውን ደረቷ ላይ አደረገ።

«ምን ታዳምጣለህ?»

«እስቲ ዝም በይ።»

«እኔንም ዋሽንት ልታደርገኝ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች።

ምንም አይሰማም። ጥርት ያለ ትንፋሽ ነው።

የእሱም በእሷ ዕድሜ እንዲሁ ነበር።

8

(እዚህ ላይ እሸቴ ለልጁ የነገራትን ልጽፍ ነበር።





አልነገራትም። ደስታዋ አፉን ዘጋው።)

9

ተሰናባች፦ እሸቴ

የሕመሙ ምክንያት፦ ዘር

ቅጹ እስከዚህ ድረስ ቀድሞ ተሞልቶ ነው የጠበቀው። አቶ ምንተስኖት እስክሪብቶውን ከፍቶ አቀበለው። ትብለጥ በሩ ላይ ቆማለች፤ የአያቷን ነጠላ ለብሳ፣ ለወግ።

ከመዳመጫ ቤቱ የማሽኑ ድምፅ ይመጣል።

ተኪ፦