የውድነሽ በረባሶ

ደሴቲቱ ላይ አመድ የሚወርደው ጎህ ሳይቀድ ነው፤ ሲወርድም ሰዉ በዚያን ቀን የሚሄድበት ዱካ ታትሞበት ነው። ሰው ከቤቱ ይወጣል፣ ዱካውን ይፈልጋል፣ እሱኑ እየረገጠ ወደ ሥራው ይሄዳል። ተራራውን አያ ጭሱ ይሉታል። ሐይቁ መሀል ሾጠጥ ብሎ ብቻውን የቆመ ነው። ጎርፍ የሰነጠቀውን ጎኑን ላየ አንዱ ድርብ አመድ፣ አንዱ ድርብ ቀልጦ የረጋ ድንጋይ፣ ከሥሩ ደግሞ አመድ፣ እንዲያ እያለ እስከ ውሃው ይወርዳል። በየአመዱ ድርብ የድሮ ሰዎች ዱካ አለ። ጉዳዬ ብሎ የሚያየው የለም።

አንድ ማለዳ ሽብሩ በሩን ሲከፍት የእህቱ የውድነሽ ዱካ ከደጃፉ ተነስቶ ሽቅብ ወደ ተራራው አፍ ሄዷል። የሚመለስ ዱካ የለም።

የእሷ ለመሆኑ አልተጠራጠረም። ሽብሩ ከአሮጌ የመኪና ጎማ በረባሶ እየሠራ ደሴቲቱን በሙሉ የሚያጫማ ሰው ነው። የእሷን ከጭነት መኪና ጎማ ነው የሠራላት፤ ጥርሱ እንደ መጋዝ ነው፣ የግራው ተረከዝ ላይ የሚስማር ራስ አለ።

"ውዴ፣ ነይማ እዪ።"

ውድነሽ ወጥታ አየች። "ወይ ጉድ! እዚያ ላይ ምን ልሠራ ነው የምወጣው?"

"እኔን ትጠይቂኛለሽ?"

"መቼም የሚታይ ነገር ባይኖር አልሄድም።" ዓይኗ ከወዲሁ ተራራው ላይ ነው። ሽብሩን ያስፈራው ይኸው ጉጉቷ ነው።

ጎረቤታቸው ጋሽ ደስቦ ጥርሱን እየፋቀ መጣ። "የእነ ማናለ በሬም እንዲሁ ነበር የወጣው።"

"ተመለሰ?" አለ ሽብሩ።

"አመዱ ሳይል እንዴት ብሎ ይመለሳል ልጄ?"

ሽብሩ ዱካው ላይ ጎንበስ አለ። "ጋሽ ደስቦ፣ እዚህ ላይ የታተመው ጫማ ነው አይደል?"

"እሱስ ጫማ ነው።"

"በቃ፣ ጫማው ይወጣላ! እሷ ምን አገባት? ውዴ፣ አውልቂው።"

"አይገባህም እኮ! ያንተ እግር ታንኳ አይደል እንዴ?"

ሽብሩ እግሩን በግድ አስገባበት። ተረከዙ ከኋላ ተርፎ ወጣ። ጫፍ ላይ ሲደርስ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ሊመለስ ነው ሐሳቡ። እያነከሰ ዱካውን ይዞ ወጣ። አጋማሹ ላይ አንድ ነገር አየ። ከእያንዳንዱ የጫማ ዱካ ኋላ ተረከዝ የተጫናት ትንሽ ጉድጓድ አለች። ጠዋት ልብ አላላትም። ተረከዙን አሳረፈባት፤ ልክክ አለች።

"እንዴ!" አለ። ከዚያ መውጣቱን ቀጠለ።

የተራራው አፍ ክብሪት ክብሪት ይሸታል። ሽብሩ በረባሶውን አውልቆ፣ ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እንደሚያደርገው ጎን ለጎን አስቀመጠና በባዶ እግሩ ወረደ። ሲወርድ አመዱ ላይ ምንም አልታተመም።

"ጫማዬስ?" አለች ውድነሽ።

"ቀረ።"

"ሌላ ትሠራልኛለሃ።"

በማግስቱ ማለዳ የበረባሶው ዱካ ከተራራው አፍ ተነስቶ ቁልቁል እነሱ ደጃፍ ድረስ መጥቷል። የመጋዙ ጥርስ አለ፣ የሚስማሩ ራስ አለ። ከኋላ የተረፈ ተረከዝ የለም። ለሚረግጠው ሰው ልኩ ነው። የጫማው ጫፍ ወደ ቤት ውስጥ ያመለክታል።

"እንግዳ አለባችሁ" አለ ጋሽ ደስቦ፣ መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ።

ሽብሩ ቀኑን ሙሉ ጎማ አልቆረጠም፤ በሩን ከውስጥ በእንጨት ሲደግፍ ዋለ። አመሻሹ ላይ ውድነሽ እንጨቱን አንድ በአንድ አነሳችው።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ያን ሁሉ ቁልቁለት የመጣ ሰው እግሩን ሳይታጠብ ሊገባ ነው? ደግሞ ማን እንደሆነ አላይም?"

ከሐይቁ ቀዝቃዛ ውሃ ቀድታ በሳፋ ደጃፉ ላይ አኖረች። ወንድምና እህት መድረኩ ላይ ተቀመጡ። ፀሐይዋ ሐይቁን ልትነካ ነው። ዳገቱ ላይ የሚታይ ሰው የለም።

ሳፋው ውስጥ ያለው ውሃ መንተክተክ ጀመረ።